ቆሞ ነው የሚሄደው

«እግዜር ያጽናሽ» አሉ አቶ ዘለቀ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ጎንበስ ብለው። ከዚያ ቀና አላሉም። እዚያው እንዳጎነበሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ… ያ የኔ ፍሪጅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደርሶለት ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ጥሩአየሁ ከፍራሹ ላይ ሆና አየቻቸው። ባሏ ኤርሲዶ ከተቀበረ አራት ሰዓት አልሞላውም። የመቃብሩ ቀይ አፈር ጫማዋ ጫፍ ላይ ገና እርጥብ ነው። ዓይኗን ስትተክልባቸው አቶ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «አይ፣ እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው» ብለው ወደ ድንኳኑ አግዳሚ ወንበር ተመለሱ።

እሳቸው ሦስተኛው ነበሩ። ቀደም ሲል ከጊንጆ የመጣች ሴትዮ ደረቷን እየደቃች አልቅሳ አልቅሳ፣ ዕንባዋን ስትጠርግ የፍሪጇ በር ላስቲክ ተቆርጦ እንደሆነ ጠይቃታለች። ከአጋሮ የመጣው ባለ ቡና ቤት ደግሞ ጭራሽ ደረሰኙን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት።

«ሰዉ ለቅሶ ነው የመጣው ዕቃ ሊያስወጣ?» አለች ጥሩአየሁ ጥርሷን ነክሳ።

«አብሽሪ ጥሩዬ፣ ተያቸው» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሀጂራ። «ማል ጎና? ምን እናድርግ? ሰው እንዲህ ነው።»

ሀጂራ የአጥር ጎረቤቷ ናት። ኤርሲዶ ትንፋሹ ከወጣበት ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ከአጠገቧ አልተነሳችም። ሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አጥር ድሮ ገና አንድ ሰው የሚያሾልክ በር ተከፍቶለት ነበር። በዚያ በር ቡና ተመላልሷል፣ እሳት ተመላልሷል፣ ከሁሉም በላይ የሀጂራ ልጅ ፈድሊያ ተመላልሳለች።

በጅማ «ኤርሲዶ ፍሪጅ» ሲባል የማያውቅ አልነበረም። ትርፍ ቤት ከወረሰው አዋጅ በኋላ ግሪኮቹና የመኖቹ ቡና ነጋዴዎች ቤትና መጋዘናቸውን ጥለው ሲሄዱ ከባድ ዕቃቸውን ሊያንቀሳቅሱት አልቻሉም። በየግቢው ፍሪጅ ቀረ። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የነበረ፣ እግሩ እንደ አልጋ እግር የተጠማዘዘ፣ በሩ እንደ ባንክ ካዝና የሚከብድ። አንዳንዱ በመብራት ይሠራል፣ አንዳንዱ መብራት ላልገባበት አገር ተብሎ የተሠራ የላምባ ነው። ሰዉ ግማሹን የልብስ ሣጥን አደረገው፣ ግማሹን በርበሬ ሞላበት። ኤርሲዶ ግን አንዱንም ሞቷል ብሎ አያውቅም። «ታሟል» ነበር የሚለው። ዝገቱን እንደ ቁስል ይጠርገዋል። ጀርባውን ገልጦ ቱቦ ቱቦውን በጣቱ እየዳሰሰ፣ አፍንጫውን እያስጠጋ፣ የት እንዳመመው ይፈልጋል። ጥሩአየሁም ከጎኑ ናት። የበሩን ላስቲክ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ትቆርጣለች፤ በግድግዳው ውስጥ የበሰበሰውን ቡሽ አውጥታ በምትኩ የደረቀ የቡና ገለባ ትጠቀጥቃለች። ከተጋቡበት አሥራ አራት ዓመት አሥሩን እንዲህ ኖረዋል።

በድንኳኑ ጥግ ሻይ የሚቀዱ ሁለት ሴቶች ሲያንሾካሹኩ ሰማች።

«በምን ሞተ ነው የሚሉት?»

«በፍሪጅ።»

«ኤሌክትሪክ ይዞት?»

«አይ፣ በፍሪጅ ጣጣ። እልኸኛ ነበር አሉ።»

ጥሩአየሁ የተሰጣትን ብርጭቆ ሳትጠጣው መሬት ላይ አስቀመጠች። እልኸኛ! ሰው በግፍ ታስሮ፣ በሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ሳንባው አልቆ ሲሞት፣ አሟሟቱ ሁለት ቃል ሆነ፤ በፍሪጅ፣ በእልህ።

ነገሩ የጀመረው በ1975 ዓ.ም. ነው። ፈድሊያ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ውሃ አልጠግብ ብላ፣ ከስታ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተዝለፍልፋ ወደቀች። ስኳር ነው ተባለ። ዕድሜ ልኳን በየቀኑ መርፌ ያስፈልጋታል። መድኃኒቱን ሾፌር የሆነው የሀጂራ ወንድም ነበር ከአዲስ አበባ የሚያመጣላት፤ እሱም የሚሆንለት በሦስት ወር አንዴ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሳይበላሽ እንዲቆይ ደግሞ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የሀጂራ ቤት መብራት የለውም፤ የጎረቤቶቿም መብራት ቢሆን አንድ ቀን ከመጣ ሁለት ቀን ይጠፋል።

ኤርሲዶ ይህን በሰማ በማግስቱ ወደ ቀበሌው መጋዘን ሄዶ ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉበትን አንድ ግሪክ ጥሎት የሄደውን የላምባ ፍሪጅ እየዞረ ሲያይ ዋለ። ማመልከቻ ጻፈ። «አንድ ያረጀ የማይሠራ ፍሪጅ» ተብሎ በማኅተም ተሰጠው። ያንን ፍሪጅ ለማዳን አራት ወር ፈጀበት። ላምባው የሚቃጠልበት ክፍል ተበልቶ ነበር፤ ከናስ ቁራጭ ሠራው። በጭስ ማውጫው ውስጥ ሙቀቱን የሚያዘገየው ጥምዝ ቆርቆሮ ጠፍቶ ነበር፤ በልኩ ጠመዘዘ። ከዚያ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ይዞ እግሮቹን አስተካከለ፤ እንዲህ ያለ ፍሪጅ ጥቂት እንኳ ካዘነበለ አይሠራም። ሁለት ጊዜ ለኩሰውት ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በሦስተኛው፣ ጠዋት በሩን ሲከፍቱት በብርጭቆ ያስቀመጡት ውሃ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

ፈድሊያን ጠርቶ በረዶውን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ልጅቷ አቃጠለኝ ብላ ጣለችው፤ መልሳ አነሳችው፣ እስኪቀልጥ አልለቀቀችውም። ጥሩአየሁ ባሏ እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይታው አታውቅም።

ሀጂራ ቤት ተቀምጦ አንድ ዓመት ተኩል ሠራ። አንድም መድኃኒት አልተበላሸም።

በ1976 ነሐሴ መጨረሻ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሊከበር ሲል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አብተው በፒክአፕ መኪና ከሁለት ጥበቃና ከአራት ጫኚዎች ጋር መጣ። በአዳራሹ ለእንግዶች የሚቀርብ ቢራ ይቀዘቅዝበታል ተብሏል።

«ደብዳቤ አለኝ» አለ ኤርሲዶ። «የማይሠራ ተብሎ የተሰጠኝ ነው።»

«የተሰጠህ የማይሠራው ነው» አለ አብተው። «የሚሠራው የሕዝብ ንብረት ነው።»

«የልጅቷ መድኃኒት ያለው እኮ እዚህ ውስጥ ነው።»

«የአንዲት ልጅ ጉዳይና የሰፊው ሕዝብ በዓል እኩል ሊታይ ነው?»

አንደኛው ጥበቃ የመድኃኒቱን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አውጥቶ መሬት ላይ ደረደራቸው። ፍሪጁን ተሸክመው ሲወጡ ኤርሲዶ እየተከተለ ጮኸ። «አታጋድሙት! ቆሞ ነው የሚሄደው! ከተጋደመ ይታመማል!»

«ደግሞ ለፍሪጅ አምቡላንስ እንጥራለት?» አለ አብተው፤ ጥበቃዎቹ ሳቁ። ፍሪጁን በጎኑ አጋድመው መኪናው ላይ ጫኑት። አዳራሽ እንዳደረሱትም ወዲያው ለኮሱት። ጭስ ከማውጣት በቀር አልሠራም። ለበዓሉ ቢራው እንደሞቀ ቀረበ፤ ከበዓሉ በማግስቱ ኤርሲዶ ሆነ ብሎ የሕዝብ ንብረት አበላሽቷል፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ሠርቷል ተብሎ ተያዘ። በቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ፊት አታጋድሙት ብዬ ነበር ሲል፣ ከመንገዱ ማዶ ሱቃቸው ደጅ ቆመው ሁሉንም ያዩት አቶ ዘለቀ ለምስክርነት ተጠሩ። «ፊቴን አዙሬ ነበር፤ አልሰማሁም» ብለው ፈረሙ።

እኚህ ናቸው እንግዲህ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው የፍሪጃቸውን ጤንነት የሚጠይቁት።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኤርሲዶን ከጸሎት ቤት የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች መጡ። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል። መዝሙሩን አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ በጉሮሯቸው ብቻ አዜሙት፤ ለሞተ ሰው እንኳ ጮክ ብሎ መዘመር ያስጠይቃል። ጥሩአየሁ ያንን የታፈነ ዜማ እየሰማች ስለ እስር ቤቱ በር ታስብ ነበር።

በየቀኑ ምግብ ይዛ ትሄድ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አብተው ራሱ በር ላይ አግኝቷት፣ «ባልሽን ምከሪው። ፍሪጁን ሠርቶ ዛሬውኑ ይውጣ፤ እኛ ቂም የለንም» አላት። እየሮጠች ገብታ ነገረችው። ኤርሲዶ ከሳህኑ ላይ ቀና ብሎ፣ «ነግሬያቸዋለሁ። ለልጅቷ ከመለሱ በአንድ ቀን እሠራዋለሁ» አለ።

«ካልመለሱስ?»

«ካልመለሱ ቢራቸውን እንደሞቀ ይጠጡ።»

አንድ ወር ሆነ፣ ሁለት ወር ሆነ። ሳል ጀመረው። በሦስተኛው ወር ጥሩአየሁ የጥበቃውን ጆሮ ረስታ ጮኸችበት። «ከኔ ብረቱ በለጠብህ? እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም? እንግዲያው እኔው ሄጄ እሠራላቸዋለሁ! ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ አጋሮ ላይ በጭነት መኪና ተጋድሞ የመጣውን ስናድን እኔም ነበርኩ!»

ኤርሲዶ አልተቆጣም። «ታውቂያለሽ» አለ። «ካንቺ በቀር ጅማ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ካደረግሽውም አልቀየምሽም።»

ያን ቀን በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። በሩ ድረስ ደረሰች። በመስኮቱ ፍሪጁን አየችው፤ ላዩ ላይ የሲጋራ መተርኮሻ ተደርጎበታል። ልትገባ እግሯን ካነሳች በኋላ ሀጂራ ትዝ አለቻት። ሀጂራ በዚያ ሰሞን መድኃኒቱን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ቀብራ፣ አሸዋው እንዳይደርቅ በቀን አምስት ጊዜ ውሃ ትረጭ ነበር። ሁለት ጠርሙስ ተበላሽቶ ልጅቷ ሆስፒታል ገብታ በስንት መከራ ነው የተረፈችው። ጥሩአየሁ ለዚህ ሰውዬ ቢራ ላቀዘቅዝ? ብላ ተመለሰች። በጥር መጨረሻ ኤርሲዶ ደም ሲተፋ እጃችን ላይ እንዳይሞት ብለው ለቀቁት። አርባ ቀን አልቆየም።

ያን ዕለት ብትገባስ ኖሮ? ይህን ጥያቄ ለማንም አልነገረችም። በአብተው ትናደዳለች፣ በአቶ ዘለቀ ትናደዳለች፣ አፈር በለበሰው ባሏም ትናደዳለች፤ ከሁሉም የባሰው ግን ይኼኛው ነበር። ለቅሶ ላይ የተቀመጠች ሚስት በሟች እንዴት ትቆጣለች?

ከሰዓት በኋላ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ረጅም፣ ዱላ የያዘ ሰው ድንኳኑ ደጅ ቆመ። ፊቱን አየችው፤ ኤርሲዶ ቢያረጅ ይህን ነበር የሚመስለው።

«አሞጽ እባላለሁ» አለ። «ወንድሙ ነኝ። ከሆሳዕና ማዶ ነው የመጣሁት። ትናንት ነው መርዶው የደረሰኝ።»

ኤርሲዶ ወንድም እንዳለው ነግሯት ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ግን አንድ ቃል ጨምሮ አያውቅም። አሞጽ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የቀረበለትን አልነካም። ሰው ሳሳ ሲል ወደ እሷ ዞረ።

«ለምን አንድ ቀን እንኳ መጥቼ እንዳልጠየቅኋችሁ ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም።»

«እኔ ልንገርሽ። ካሁን በኋላ የሚነግርሽ የለም።» ዱላውን መሬት ላይ አጋደመ። «እኛ አገር ሚስዮኖች የከፈቱት ክሊኒክ ነበር። ኤርሲዶ የክትባቱን ፍሪጅ ይጠብቃል። ላምባ ይሞላል፣ ክር ይቆርጣል፤ ሥራውን የተማረው እዚያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አንድ ጊዜ የክሊኒኩ ኃላፊ ለእህቱ ሰርግ መብራት ብሎ ያለውን ላምባ ሁሉ ወሰደ። ፍሪጁ አራት ቀን ጠፍቶ ሰነበተ። ኤርሲዶ ያውቃል። ቢናገር ይባረራል። ዝም አለ። በሳምንቱ ልጆቻችን ተሰልፈው ተከተቡ፤ ሁላችንም ደስ አለን። በሁለተኛው ወር ኩፍኝ ገባ።»

ጥሩአየሁ ነጠላዋን ጨበጠች።

«ስድስት ልጅ ቀበርን። አንዱ የኔ ነው። ኢዮብ ይባላል፤ አራት ዓመቱ ነበር። መድኃኒቱ ተበላሽቶ እንደነበር ማንም አላወቀም። ኤርሲዶ ነው በእግሩ መጥቶ፣ እፊቴ ቆሞ የነገረኝ። ባይነግረኝ እስከ ዛሬም አላውቅም ነበር። እኔ ደግሞ ከደጄ አባረርኩት። ሁለተኛ ዓይንህን አልይ አልኩት። አሥራ ስድስት ዓመት። በየዓመቱ ደብዳቤ ይልክልኝ ነበር። አንዱንም አልመለስኩለት።»

ጥሩአየሁ መጀመሪያ የመጣባት ዕንባ አልነበረም። አሥራ አራት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን! ብላ በውስጧ ጮኸች። ይህን ሁሉ ይዞ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ብረቱ በለጠብህ ስለው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ! ቀጥሎ ነው ዝምታው የገባት። ቢነግራት ኖሮ መለመኗን ትተው ነበር። እንድትለምነው፣ እንድትጮህበት ፈቀደላት።

«ለጸጸት ብሎ ነው እንዲህ የሆነው?» አለች።

«አይመስለኝም» አለ አሞጽ። «አንድ ጊዜ ዝም ብሎ አይቶታል። ሁለተኛ አልቻለም።»

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ ጓድ አብተው ሁለት ጥበቃ አስከትሎ መጣ። ካኪ ኮቱ አዲስ ነው። የእድሩ ሰዎች ብድግ ብድግ አሉ። ጥሩአየሁን ጨብጦ፣ «የሁላችንም ኀዘን ነው» አላት። አልተቀመጠም። መሀል ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ኤርሲዶ ታታሪ ባለሙያ ነበር» ብሎ ጀመረ። «ምንም እንኳ በተሳሳተ አመለካከት ለጥቂት ጊዜ ተጠልፎ የነበረ ቢሆንም፣ በተሰጠው የትምህርት ጊዜ ጥፋቱን ተገንዝቦ፣ ራሱን ሂስ አድርጎ…»

«አላደረገም።»

ሰዉ ዞረ። ጥሩአየሁ ከፍራሹ ላይ ተነስታ ቆማለች።

«ምን አልሽ?»

«ራሱን ሂስ አላደረገም አልኩ። ሥጋውን ቀብረነዋል፤ ቃሉን አብራችሁ አትቀብሩትም።»

«ተረጋጊ። ኀዘን ነው የሚያናግርሽ።»

«ኀዘን አይደለም፣ ንዴት ነው! ኀዘኔንማ መቼ አገኘሁት? ሰላም ብላችሁ ብትተዉኝ አይደል የማዝነው?» ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «አታጋድሙት ብሎ እየጮኸ ከኋላችሁ ሮጧል። ቆሞ ነው የሚሄደው ብሏል። ያጋደማችሁት እናንተ፣ ያበላሻችሁት እናንተ፤ የታሰረው እሱ! አምስት ወር ሲሚንቶ ላይ አስተኝታችሁ ጨርሳችሁ ልካችሁልኝ፣ ዛሬ ደግሞ ቤቴ መጥተህ ጥፋቱን ተገነዘበ ትለኛለህ?»

ጥሩአየሁ ራሷ፣ ሊቀመንበሩን «አንተ» እንዳለችው የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው። አብተው ጥበቃዎቹን ገረፍ አድርጎ አየና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ይህ በፍርድ ሸንጎ ታይቶ ያለቀ ነው። ጮኸ የምትዪውን የሰማ አንድ ምስክር አልተገኘም።»

ከአግዳሚው ወንበር ጥግ አንድ ሰው ተነሳ። አቶ ዘለቀ ነበሩ። ባርኔጣቸውን ሁለት እጃቸው ያሽከረክረዋል።

«እኔ ሰምቻለሁ» አሉ።

«እርስዎ አልሰማሁም ብለው ፈርመዋል!»

«ፈርሜአለሁ። ዋሽቼ ነው የፈረምኩት። ሁለት ጊዜ ነው የጮኸው። ሁለተኛውን በኦሮምኛ ነው፣ ለጫኚዎቹ እንዲገባቸው ብሎ። እኔ… እኔ ፈርቼ ነው። ሱቄን ያሽጉብኛል ብዬ።» ወደ ጥሩአየሁ ሊያዩ ፈልገው አልቻሉም።

«ኤዬ፣ ጄዴራ» የሚል ድምፅ ከድንኳኑ ደጅ መጣ። አዎ፣ ብሏል ማለት ነው። ያን ቀን ፍሪጁን ከተሸከሙት አራት ጫኚዎች አንዱ፣ ከሊል፣ የእድሩን ወንበር ሊሸከም መጥቶ ቆሟል።

«የልጄን መድኃኒት መሬት ላይ ደርድራችሁ ነው የሄዳችሁት» አለች ሀጂራ። እሷም ተነስታለች። «ወላሂ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።»

አብተው ዙሪያውን አየ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ፍሪጃቸው ሲያንሾካሹኩ የነበሩት ሰዎች አሁን ዝም ብለው እሱን ያዩታል። ጥበቃዎቹ ጫማቸውን ይመረምራሉ። በሳምንቱ አዳራሹን የሚጎበኙ እንግዶች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ሁሉም ያውቃል፤ እሱም ያንኑ ሳያስብ አልቀረም።

«ለአንድ የሞተ ብረት ነው ይህ ሁሉ ጫጫታ?» አለ እጁን እያወናጨፈ። «እሱም ቦታ አጣብቦን ነው ያለው! ከፈለጋችሁት ውሰዱት፣ ገላግሉን!»

«በጽሑፍ ቢያደርጉልን፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ አቶ ዘለቀ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፣ ግን አሉት።

የእድሩ ጸሐፊ ወዲያው ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለ። አብተው ንዴቱን ለመደበቅ ሲጣደፍ «የማይሠራ ፍሪጅ፣ ብዛት አንድ» ብሎ ጻፈ፤ ከኪሱ ማኅተሙን አወጣ፣ እፍ አለበት፣ መታው። ጥሩአየሁ ምላሷ ጫፍ ላይ፣ ሲሠራስ የማን ይሆናል? የሚል ጥያቄ ነበራት። ዋጠችው። ወረቀቱን ተቀብላ አራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

አብተው ወጥቶ ሲሄድ አቶ ዘለቀ እዚያው ቆመው ቀሩ። «ይቅር በይኝ ማለት… አልችልም» አሏት።

«አይበሉኝ» አለች ጥሩአየሁ። «ገና አልችልም። ይልቅ ሰው ያሰባስቡልኝ፤ ሐሳቡን ሳይለውጥ እናምጣው።»

ፍሪጁን ሁለት ወፍራም ጠርብ ላይ አቁመው፣ በገመድ ጠፍረው፣ ስምንት ሆነው ተሸከሙት። ከሊል ከፊት እየሄደ፣ «ቆሞ! ቆሞ! ቀስ!» እያለ መንገድ ያስለቅቃል። አሞጽ ዱላውን ጥሎ ከኋላ ገብቷል። አቶ ዘለቀ ዕድሜያቸው ለሸክም ባይሆንም ፍሪጁ እንዳያዘነብል በጎን ደግፈው እስከ ሀጂራ ደጅ ደረሱ። በማግስቱ ቀበሌ ተጠርተው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆመው ዋሉ፤ ሱቃቸውም ለአሥር ቀን ታሸገ። እንዲህ ተደረግሁ ብለው ግን ለማንም አላወሩም።

ጥሩአየሁ ፍሪጁ ሀጂራ ቤት እንደገባ ያደረገችው አሞጽን አስደነገጠው። ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፋ፣ ተሸካሚዎቹ ፍሪጁን በአናቱ እንዲገለብጡት አደረገች።

«ቆሞ እያልን አምጥተን!»

«ሲያጋድሙት ውስጡ ያለው ፈሳሽ የማይሄድበት ቱቦ ገብቶ ቀርቷል። በዚያው ላይ ስለለኮሱት ታነቀ እንጂ አልተሰበረም» አለችው። «ተገልብጦ ይቆያል፤ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ቆሞ ያርፋል። ከዚያ ይለኮሳል። ይኸው ነው። አምስት ወር የታሰረበት ሥራ ይኼ ነው።»

አሞጽ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ተኩል ተገልብጦ ቆየ፤ አንድ ቀን ቆሞ አረፈ። በዚያ መሀል ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ንዴቷ ነበር ማለት ይቻላል። ያረረውን ክር በአዲስ ቀየረች። ጭስ ማውጫውን ጠርጋ አንድ ጣሳ ጥላሸት አወጣች። የሲጋራ መተርኮሻው ያቃጠለውን ቀለም በአሸዋ ወረቀት ፈገፈገችው፣ እስኪጠፋ ሳይሆን ክንዷ እስኪዝል። የጠየቋት ሰዎች፣ አዝነሽ ሳትቀመጪ እንዴት ሥራ ትጀምሪያለሽ ሲሉ፣ «መቀመጥ አልቻልኩም» ብቻ ነበር መልሷ።

ፍሪጁ በኋላ ሠራ፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ፈድሊያ መድኃኒቶቿን ራሷ ደረደረችበት። በግሪኩ ጊዜ፣ በዶሮዎቹ ጊዜ፣ በቢራው ጊዜ ያየው ሁሉ አልፎ፣ አብተው ከሥልጣን እስኪወርድ ድረስም፣ ከወረደ በኋላም ሠራ።

መጀመሪያ የተለኮሰው ግን በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጥሩአየሁ፣ ሀጂራና አሞጽ ብቻ ነበሩ። ጥሩአየሁ በውሃ ልክ እግሮቹን አየች፤ ከአንዱ ሥር ስስ እንጨት ከተተች። ክብሪት ጫረች። ክሩ ተቀጣጠለ። በጎን ባለው ቁልፍ ክሩን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ሁልጊዜ እሷ ናት። ከሥር እሳቱን የሚያየው፣ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ የነበልባሉን ቀለም የሚነግራት ደግሞ እሱ ነበር፤ አንድ ሰው ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሊያደርግ አይችልም።

«ኤርሲዶ፣ ምን መሰለ?» አለች።

አሞጽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጥሩአየሁ እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

ሀጂራ ሻሿን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ከዚያ ተኛች። ጉንጯን ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ ጋር አጣብቃ ከፍሪጁ ሥር አየች።

«ቢጫ ነው» አለች። «ጫፉ ቢጫ ነው ጥሩዬ።»

ጥሩአየሁ ቁልፉን የፀጉር ያህል ዝቅ አደረገችው።

«አሁንስ?»

«አሁን… ሰማያዊ ሆነ። ሁሉም ሰማያዊ ሆነ።»

ጥሩአየሁ እጇን ከቁልፉ አላነሳችም። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል።

«እስኪ ደግመሽ እዪልኝ» አለች።

ሀጂራ ጉንጯን ከሲሚንቶው ሳታነሳ፣ ደግማ አየችላት።